በአሞራዎቹ ስም የቀረበ ይቅርታ

ለክቡር አቶ ሙዐዊያ
የቀይ አፋፍ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ሸዋ ሮቢት

ጉዳዩ፦ እንድጠይቅ የታዘዝኩትን ይቅርታ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ብቻ አይደለም፤ ዘመዶችዎ ባሉበት በካራቆሬ እርስዎ በሕይወት መኖርዎን እስካሁን በሙሉ ልባቸው ያልተቀበሉ ሰዎች ስላሉ፣ ደህና መሆንዎን በአደባባይ መመኘት የዜግነት ግዴታዬ መስሎ ስለታየኝ ነው። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከመሞትም ይጠብቅዎ።

ይህ የይቅርታ ደብዳቤ በፕሮጀክቱ የማስታወቂያ ሰሌዳና በፌስቡክ ገጹ ላይ ለሕዝብ እንዲወጣ ያዘዙት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ፣ ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ባስተዋውቅ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ። ስሜ ነዒማ ጁነይድ ነው። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። በባዮሎጂ ተመርቄ፣ እስካለፈው ወር ድረስ በእርስዎ ፕሮጀክት የወፍ ታዛቢ ሆኜ ስሠራ ቆይቻለሁ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፦ አፋፉ ጫፍ ላይ ወንበር ዘርግቶ፣ የሩቅ ማሳያ መነጽርና የመገናኛ ሬድዮ ይዞ፣ ሰማይ ሲያዩ መዋል። ጆፌ አሞራ ወይም ንስር ወደ ተርባይኖቹ ሲቀርብ ታዛቢዋ በሬድዮ "ቁጥር ሦስትን አቁሙ" ትላለች፤ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ያቆማል፤ ወፉ ያልፋል፤ ተርባይኑ መዞሩን ይቀጥላል። ፕሮጀክቱ ፈቃድ ሲያወጣ ይህን ሥልጣን ለታዛቢ እሰጣለሁ ብሎ ፈርሟል። የከተማችን ባጃጅ ነጂዎች ይህን የሰሙ ዕለት "የአሞራ ትራፊክ" የሚል ማዕረግ ሰጡኝ፤ ገበያ በወጣሁ ቁጥርም "ትራፊኳ፣ ዛሬ ስንቱን አሞራ ቀጣሽው?" ይሉኛል። እናቴ ግን ስለ ሥራዬ ሲጠይቋት "መብራት ላይ ናት" ብላ ታሳጥረዋለች።

አሞራ ዐይን እያለው ለምን ተርባይን ይገጨዋል ብለው የሚጠይቁ ስለማይጠፉ፣ አጭር ማብራሪያ ይፈቀድልኝ። ትልልቅ አዳኝ ወፎች እንደ ርግብ ክንፋቸውን እያራገቡ አይጓዙም፤ ከቆላው የሚነሳው ሞቃት አየር አፋፉን ታክኮ ሲወጣ እሱ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ያለ ድካም ይወጣሉ። የእርስዎ ተርባይኖች የተተከሉት ልክ እነሱ አሳንሰር ባደረጉት ቦታ ነው። ሁለታችሁም የፈለጋችሁት ያንኑ አንድ ነፋስ ስለሆነ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ችግሩ ግን አሞራ ሲበር ምሳውን የሚፈልገው መሬት ላይ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ታች ታቹን ሲያይ ፊት ለፊቱ ያለው አይታየውም። የተርባይኑ ክንፍ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ተኝቶ የሚዞር ይመስላል እንጂ፣ ጫፉ ጀውሃ ሜዳ ላይ መንገዱ ሲቀናለት ከሚከንፍ ሚኒባስ እጥፍ ይፈጥናል። እኔ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ለዚህ ነበር። ነፋስ ኃይልን የምጠላ አይደለሁም፤ ቤታችን መብራት ሲጠፋ እንደማንኛውም ሰው እኔም እርግማን እችላለሁ።

እንግዲህ በትእዛዝዎ መሠረት ጥፋቶቼን አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ከፕሮጀክቱ የምረቃ በዓል ቀደም ብዬ በማስጠንቀቄ ጥፋተኛ ነኝ። ለእንግዶቹ ምሳ የሚሆኑት በሬዎች እዚያው አፋፍ ላይ፣ ቁጥር ሦስት ተርባይን ሥር እንደሚታረዱ በሰማሁ ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ እርዱ ከተማ እንዲሆን፣ አለዚያ የአካባቢው አሞራ በሙሉ እንደሚመጣ ተናገርኩ። እርስዎም፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ በሳቅ እያጀቡዎት፣ "የጥሪ ካርድ ያልደረሰው አይገባም" ብለው መለሱልኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስረዳው ለካ የጥበቃ ዕቅዱ እሱ ኖሯል።

ሁለተኛ፤ የዝግጅት ኮሚቴውን ጥበብ ሳላደንቅ በመቅረቴ ጥፋተኛ ነኝ። እዚህ አገር ሙስሊምና ክርስቲያን የጠራ ሰው ለየብቻ ያርዳል፣ ለየብቻ ያበስላል፤ ከዚያ ሁሉም ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላል። በዚህ ቅር የሚለው ሰው የለም፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ስበላ ነው ያደግሁት። ኮሚቴው ግን ዕቃ ከዕቃ እንዳይነካካ እጅግ ስለተጨነቀ፣ ቁጥር ሦስት ተርባይንን እንደ ድንበር ወስዶ የሙስሊሙን እርድ ከምሥራቅ፣ የክርስቲያኑን ከምዕራብ አደረገ። የክርስቲያኑን ወጥ ቤት የምትመራው እትዬ ብዙነሽ አንድ ነገር ሸቷት "ልጄ፣ ይሄን ሆድ ዕቃ ወሰድ አድርጌ ባስቀብረው አይሻልም?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ሳልጨርስ አንድ የኮሚቴ አባል ከወዲያ ማዶ "እትዬ፣ ከምሰሶው ወዲህ እንዳያልፉ!" ብሎ ጮኸ። እሷም አላለፈችም። ሁለቱም ወገን ሆድ ዕቃውን በየድንበሩ፣ ሜዳ ላይ፣ ለፀሐይ ክፍት አድርጎ ከመረው።

አሞራ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ እኩል የሚያይ ፍጥረት ነው። ከምሥራቁ ክምር ሲበላ ጉልበተኛ ጓደኛው ካባረረው ተነስቶ ወደ ምዕራቡ ይሄዳል፤ ከምዕራቡ ሲባረር ወደ ምሥራቁ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው አጭሩ መንገድ የት እንደሚያልፍ ለእርስዎ ለመሐንዲስ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። አሞራን በሚዞር ተርባይን መሃል ለማመላለስ ተብሎ ከዚህ የተሻለ መንገድ ልንነድፍ ብንል እኔም ከነትምህርቴ፣ እርስዎም ከነልምድዎ፣ ዓመት ሙሉ ብንቀመጥ የምንችለው አይመስለኝም። ኮሚቴው በአንድ ጠዋት ጨረሰው።

ሦስተኛ፤ ሥራዬን በመሥራቴ ጥፋተኛ ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጡት ክቡር እንግዳ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ወደ ቁጥር ሦስት በእጃቸው እያመለከቱ፣ "ይህ ክንፍ ከእንግዲህ ለአፍታ እንኳ..." እያሉ ሳለ ሰማዩን ቀና ብዬ ሳይ በአሞራ ተሸፍኗል። ሬድዮዬን አንስቼ እንዲያቆሙ ነገርኩ። መቆጣጠሪያ ክፍል የነበረው ባልደረባዬ "ኧረ ነዒማ፣ አሁን? እየተናገሩ እኮ ነው!" አለኝ። እኔም "አሞራው ንግግር አይሰማም፣ አቁም ብዬሃለሁ!" አልኩት። አቆመው። ሥራውን በደንቡ መሠረት ስለሠራ ስሙን አልጠቅስም፤ እርስዎም ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ክቡር እንግዳው ዐረፍተ ነገራቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ እጃቸውም እንደተዘረጋ፣ ክንፉ ቀስ እያለ ሄዶ ቀጥ ሲል ከእኛ ጋር አብረው ተመለከቱ።

አራተኛው ጥፋት የእኔ እንዳልሆነ ብናገር ትሕትና ማጉደል ስለሚሆን የእኔ ነው ብዬ ልቀጥል። መድረኩን ይመሩ የነበሩት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ፣ በሥራቸው የበሰሉ ሰው በመሆናቸው፣ ማይክሮፎኑን ነጠቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ "ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነስተን የኅሊና ጸሎት እናደርጋለን፤ ተርባይኑም እንዲቆም የተደረገው ለዚሁ ነው።" ከልቤ አደነቅኋቸው። ሁለት ነገር ብቻ ረሱ፦ ጸሎቱ ለማን እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ።

የሚያልቀው፣ መቼም፣ አሞራዎቹ ሲጠግቡ ነበር። እነሱ ደግሞ አልቸኮሉም። ያ ሁሉ ሰው በቆላ ፀሐይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ተርባይኑ አሁንም ቀጥ እንዳለ ሲመለከት ደንግጦ እንደገና ይደፋል። ክቡር እንግዳው በወረቀታቸው መላጣቸውን ከልለው ቆሙ። ከእኔ በስተኋላ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች መንሾካሾክ ጀመሩ።

"ማነው የሞተው?"

"እንጃ። ይሄን ያህል ካስቆሙን ትልቅ ሰው መሆን አለበት።"

"ሥራ አስኪያጁ የሉም እኮ።"

"ኧረ! እውነትክን ነው፣ የሉም!"

እርስዎ በዚያች ሰዓት ከምሰሶው ጀርባ ኮትዎን አውልቀው፣ እያውለበለቡ፣ አንድ ጆፌ ከሆድ ዕቃው ላይ እያባረሩ እንደነበር እኔ ከወንበሬ ሆኜ በመነጽር አይቻለሁ። ጆፌው ቁመቱ ወገብዎ ላይ ይደርስ ነበር፤ ሲያፈገፍግ ያየሁት ግን እሱን አልነበረም። ሕዝቡ ይህን ስላላየ አልፈርድበትም። ሹክሹክታው የደረሳቸው የሃይማኖት አባታችን ሐጂ አብዱልሃዲ ሰው ሲሞት የሚባለውን "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ "ያ አላህ፣ ባሪያህን ሙዐዊያን ማረው፣ ቁጡ ቢሆንም ደግ ልጅ ነበር" ብለው ዱዓ ሲያደርጉ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "አሚን" አለ። ክቡር እንግዳውም ምን እንደሆነ ባይገባቸውም "አሚን" አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ወደ ካራቆሬ እንደደወለ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ስልክ ያልያዘ ሰው ስላልነበረ ተጠርጣሪው ብዙ ነው።

አሞራዎቹ ጠግበው ሲበተኑ ቁጥር ሦስት ዞረ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ምሳ ቀረበ። እርስዎም ኮትዎን አራግፈው ለብሰው፣ ወደ እንግዶቹ መጥተው፣ ያዘነው ሰው ሁሉ ለምን እንደ ጅን እንደሚያይዎ ሳይገባዎ ጥብስ መብላት ጀመሩ። ከካራቆሬ የተነሱት ሚኒባሶች የደረሱት ይኼኔ ነው። አክስትዎ እትዬ ራቢዓ ከፊተኛው ሚኒባስ እያለቀሱ ወረዱ፤ እርስዎን አዩ፤ ከዚያ የሳህንዎን ይዘት አዩ። ቀጥሎ የተናገሩትን አፋፉ ላይ ያለ ሰው በሙሉ ሰምቶታልና ባልደግመው ይቀላል፤ ለታሪክ ግን ልድገመው፦ "አንተ ሙዐዊያ! አገር ምድሩን አስለቅሰህ፣ ሱቅ አዘግተህ፣ ድንኳን አስተክለህ፣ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ጥብስ ትበላለህ?" ብለው በነጠላቸው መቱዎ። "አክስቴ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም" ቢሏቸው "እሱን ቀድመህ አትደውልም ነበር?" አሉ። ከዚህ በላይ ትክክለኛ ጥያቄ በዚያ በዓል ላይ አልተነሳም።

አምስተኛ፤ ከሥራ በመባረሬ ጥፋተኛ ነኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት በቀረብኩ ጊዜ የተጠየቅሁት የመጀመሪያ ጥያቄ "አሞራዎቹን ማን ጠራቸው?" የሚል ነበር። "ሆድ ዕቃው" ብዬ መለስኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነችም" ተብሎ ተጻፈ። በተሰጠኝ የስንብት ደብዳቤ ላይም ሁለት ምክንያቶች ተጠቅሰዋል፦ "ከአሞራዎች ጋር ባላት ከሥራ ያለፈ ቅርበት" እና "ሥራ አስኪያጁ በሕይወት እያሉ እንዲለቀስላቸው በማድረግ"። የመጀመሪያውን አልቃወምም፤ አሞራዎቹ ከኮሚቴው የተሻለ ያዳምጡኛል። ሁለተኛው ግን የሕግ ሰዎችን ሳማክር በየትኛውም አገር ሕግ ላይ አልተገኘም፤ ስለዚህ ከእኔ በፊት ማንም ያልፈጸመውን ወንጀል ስለፈጠራችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የጻፍኩት እርስዎም በልብዎ የሚስቁበት ነው። የሚቀጥለው ላይ አይስቁ።

ከተባረርኩ ወዲህ ወንበሩ ባዶ ነው። ወሩ ደግሞ ጥቅምት ነው። በጥቅምት ከሰሜን፣ በረዶ ከሚጀምርበት አገር፣ ንስሮች ባሕር ተሻግረው፣ አፋርን አቋርጠው፣ የእኛን አፋፍ ተከትለው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከአባቶቻችን በፊት ጀምሮ ሲያልፉበት የኖሩት መንገድ ነው። ባለፈው ጁምዓ ከአፋፉ ሥር ካለ የማሾ ማሳ ውስጥ አንዱን ወድቆ አገኘሁት። ሙሉ ንስር አላልኩም፤ አንደኛው ክንፉ ከእሱ ራቅ ብሎ፣ ማሾው መሃል ነበር። ለቢሮዎ አመለከትኩ። የተሰጠኝ መልስ "በረጅም ጉዞ ድካም የሞተ" ይላል። እውነት ነው፣ ረጅም ጉዞ ነው። ይህን ሁሉ አገርና ባሕር ሳይደክመው አቋርጦ፣ ልክ ቁጥር ሦስት ሥር ሲደርስ ደከመው፤ ድካሙም ክንፉን ከትከሻው ቆረጠው።

ጆፌም ቢሆን እንደ ዶሮ አይደለም፤ በዓመት አንድ እንቁላል ጥሎ አንዲቱን ጫጩት ወራት ሙሉ ያሳድጋል፤ እሷም ለመውለድ ዓመታት ትጠብቃለች። አንድ ትልቅ ጆፌ ከሞተ ቦታውን የሚተካው ቶሎ አይገኝም። አፋፉ ላይ የሞተ ከብት ጠራርጎ በሽታ ከመንደራችን የሚያርቀውም እሱ ነው፤ ለዚህም ደመወዝ ጠይቆ አያውቅም።

ይህን ይቅርታ ጽፌ አባሪ የተደረገውን የግዴታ ቅጽ ከፈረምኩ ወደ ሥራዬ እንደምመለስ ነግረውኛል። ቅጹን አነበብኩት። ከእንግዲህ ተርባይን የሚቆመው ታዛቢዋ ጥያቄዋን በጽሑፍ አቅርባ፣ የፈረቃ ኃላፊው፣ ምክትል ሥራ አስኪያጁና እርስዎ ስትፈርሙበት፣ ማኅተምም ሲያርፍበት ነው ይላል። ምክትልዎ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ናቸው። ማኅተሙ የተቆለፈበት ሣጥን ቁልፍ ጸሐፊዋ ዘንድ ነው፤ ጸሐፊዋ ምሳ ትወጣለች። ስለዚህ ንስሩ አፋፉ ጋ ሲደርስ አየር ላይ ባለበት ጸንቶ፣ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ፣ ምክትልዎ ከስብሰባ እስኪመለሱ እንዲጠብቅ የሚያስረዳልኝ ሰው ከተገኘ እፈርማለሁ።

እስከዚያው አልፈርምም።

ሥራዬን እፈልገዋለሁ። ይህን ለመሸሸግ አልሞክርም፤ ሌላ ሥራ ስላጣሁ ሳይሆን ያ ወንበር የእኔ ስለሆነ ነው። ከነሬድዮውና ከነሥልጣኑ ከመለሱልኝ ነገ ጠዋት እመጣለሁ። እኔን ማየት ካስጠላዎ ሌላ ሰው ይቅጠሩ፤ ያለ ክፍያ አሠለጥናታለሁ፤ ንስርን ከጭልፊት እስክትለይ አብሬያት እቀመጣለሁ። ሬድዮዋን ግን ማንም አይንካባት። እንግዳ ቢመጣም፣ ንግግር ቢደረግም፣ ሪባን ቢዘረጋም፣ ወፍ ከመጣ ተርባይን ይቆማል። ሁለቱንም ካልፈለጉ ደግሞ ወንበሬን ከቤት አምጥቼ ከፕሮጀክቱ አጥር ውጭ፣ በሕዝብ መንገድ ላይ እዘረጋለሁ፤ የወደቀውን ሁሉ ፎቶ እያነሳሁ ስሙንና ቀኑን ለሕዝብ አሳውቃለሁ። ያን መንገድ ማንም እንደማይከለክለኝ ቀበሌውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

አሁን ወደ ይቅርታው። እትዬ ራቢዓን በከንቱ ስላፈሰሱት ዕንባ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ካራቆሬ ድረስ ሄጄም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ምሳ አብልተው ሸኝተውኛል። ክቡር እንግዳውን ስለ አንገታቸው ሕመም ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሞራዎቹን በመወከል፣ ያለ ጥሪ ካርድ በመምጣታቸው፣ በመብላታቸውና ሳያመሰግኑ በመሄዳቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎን በተመለከተ ብዙ ካሰብኩ በኋላ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አላገኘሁም፤ ካገኘሁ ያለ ምንም መዘግየት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አሳውቅዎታለሁ።

ለሥራ አመራርዎ ስፋት፣ ለኮሚቴዎችዎ ብዛትና ለኮትዎ ጥንካሬ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ነፋሱም ጤናውም እንዳይጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ነዒማ ጁነይድ
የወፍ ታዛቢ (ማንም ምንም ቢል)

ግልባጭ፦
ለሐጂ አብዱልሃዲ፤ ዱዓው ቀደም ብሎ የተደረገ መሆኑን እንዲያውቁት
ለካራቆሬ ለቀስተኞች፤ ድንኳኑን እንዲያነሱ
ለጆፌ አሞራዎች፤ በአየር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ጸሐፊዎ ደወለችልኝ። ለፕሮጀክቱ ብድር የሰጡት ሰዎች የላኳቸው ተቆጣጣሪዎች በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚመጡ፣ ለዚያች ቀን ብቻ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ፣ ባትሪ የሌለው ሬድዮ ይዤ፣ ወንበሩ ላይ እንድቀመጥ በትሕትና መጠየቅዎን ነገረችኝ። እሺ ብያለሁ፤ በሰዓቱ እገኛለሁ፤ ሰደርያውም በልኬ ይሁን። ተቆጣጣሪዎቹ አንዳንድ ነገር ይጠይቁኝ ይሆናል፤ እኔም የተጠየቅሁትን ሳልመልስ የምቀር ባለጌ ሆኜ አላደግሁም።